ከሁለት እግር ወደ ሦስት እግር በጨርጨር መንገድ

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ አሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ ወደምትባለው ከተማ የሚወጣ መንገደኛ፥ ደጋውን ሲይዝ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይቀበለዋል። ይህችን ከተማ የጨርጨር ገዢ ሳሉ ያቀኗት፥ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በዚያ ዘመን በጉልምስናው ፈረስ የጋለበ መኰንን፥ በሸመገለ ጊዜ ሰጋር በቅሎ ቢመርጥ ክብሩ አይጐድልበትም ነበር። እንዲሁም ዛሬ በጭሮ፥ በሂርናና በበዴሳ በሞተር ብስክሌት ሲመላለስ የኖረ ሰው፥ ጉልበቱ ሲደክም ባጃጅ ወደሚባለው ባለ ሦስት እግር ቢዛወር እንደ ውርደት ሊቈጠርበት አይገባም። ሞተር ብስክሌት በቆመ ጊዜ የነጂውን እግር ድጋፍ ይሻል፤ ባጃጅ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል።

ዳሩ ግን ሦስተኛው እግር የጥንቃቄ ምትክ አይሆንም። ባለ ሁለት እግሩ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ባለ ሦስቱ እንዲህ ማዘንበል አይችልምና፥ በፍጥነት የገባ እንደ ሆነ የውስጠኛው ጐማ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ውጭ ሊገለበጥ ይችላል። ከፊት ያለው ጐማ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቍልቍል እየታጠፉ ፍሬን አጥብቆ መያዝ አደጋውን ያብሳል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው አስቀድሞ ነው። ልጆችም አባታቸውን «ደክመዋልና ይቅርብዎ» ብለው ከቤት ከሚያስቀሯቸው፥ ይህን አዲስ ልማድ በሜዳ ላይ አብረው ቢለማመዱላቸው ይበልጣል። በቅሎም ብትሆን የምትመቸው አያያዟን ለሚያውቅ ነውና።