ወደ ኒሯቅ በሞተር ብስክሌት ለሚወርዱ

ውድ እናቶች፣ ልጃችሁ ትምህርቱን ጨርሶ በግብርና ወይም በጤና ሙያ ዋግ ኽምራ ቢመደብ፣ መሥሪያ ቤቱም ሞተር ብስክሌት ቢያስረክበው፣ ደስታችሁ ከሥጋት ጋር የተቀላቀለ መሆኑ አይቀርም። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ስለሆነም ስንቁን ከመቋጠራችሁ በፊት መንገዱን ጥቂት እናስቃኛችሁ።

የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአበርገሌዋ ኒሯቅ ግን ወደ ተከዜ ዝቅ ባለው ሞቃት ቆላ ናት። እንግዲህ ወደዚያ መሄድ ማለት መውረድ ማለት ነው። አዲስ ነጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው አቀበቱን ነው፤ አቀበት ግን ሞተሩን ያደክማል እንጂ እምብዛም ሰው አይጥልም። የሚጥለው ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን ለፍሬኑ ብቻ አደራ ሰጥቷል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ሆኖ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ይገባል። ጠጠር በተበተነበት ጠመዝማዛ ላይ የፊት ፍሬን በድንገት መጨበጥም መውደቅ ነውና ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

አበርገሌ በፍየሎቹ የታወቀ አገር ነው። እናት ፍየል ተሻገረች ብሎ ነዳጅ መስጠት አያስፈልግም፤ ግልገሏ ከኋላ አለች። ውሃ ተሸክመው፣ ሕፃን አዝለው በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ሴቶችም አሉ። በአጠገባቸው እየበረሩ አቧራ ማልበስና አህያቸውን በጡሩምባ ማስበርገግ ነውር ነው፤ ነውር ብቻም አይደለም፣ የበረገገ አህያ ነጂውንም ይዞ ይወድቃል።

የቆላው ሙቀት የራስ ቁርን አስወልቆ ክንድ ላይ ያስንጠለጥላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ ግን ቁር ማድረግ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከቤት ገዝታችሁ የምትልኩለት ከሆነ በራሱ ልክ፣ ማሰሪያው የማይላላ ይሁን።

ከኋላ ሰው መጫን ሌላ ጉዳይ ነው። የእናቶች ነጠላ በሰንሰለትና በጎማ ተጠምጥሞ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነውና ጫፉ ወገብ ላይ መታሰር አለበት። ይሁንና ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ነጂ ማንንም ባይጭን ይሻላል። አስቸጋሪው ነገር፣ በገጠር ሞተር ያለው ሰው እምቢ ማለት የሚከብደው መሆኑ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ድረስ ይጠሩታል። ያን ጊዜ ልጃችሁ «ገና አልለመድኩም» ለማለት አይፈር። ብቻውን ፈጥኖ ሄዶ አምቡላንስ እንዲጠራ ወይም ልምድ ያለውን ነጂ እንዲያመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።