ጨው ያለው ዝናብ

የሰሜን ተራሮችን መጀመሪያ የረገጥኩት በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ነው። ከጓደኛዬ ጋር ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተን፣ መግቢያውን ከፍለን ጠመንጃ ይዞ የሚያጅብ ስካውት እስኪመደብልን ስንጠብቅ፣ መዝገቡን የያዘው ሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየት አደረገና «በዚህ ዝናብ?» አለን። እኔ አልሰጋሁም። ሻንጣዬ አናት ላይ ከውስጥ ፕላስቲክ የተለቀለቀ ወፍራም የዝናብ ካፖርት አጣጥፌ ይዣለሁ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሻወር ስር ለብሼው ቆሜ ነበር። አሥር ደቂቃ ሙሉ ውሃ ሲወርድበት አንዲት ጠብታ አላስገባም። ከዚህ የሚብስ ፈተና ያለ አልመሰለኝም።

እስከ ሳንቃበር ያለው መንገድ በሰላም አለቀ። በማግሥቱ ወደ ግጭ ስናቀና ቁልቁል ወደ ጅንባር ወንዝ ወርደን፣ ተሻግረን፣ ዳገቱን እንደጀመርን ዝናቡ ወረደ። ካፖርቴን ለበስኩ፤ ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋሁ፤ የእጅጌውን ጫፍ አጠበቅኩ። ስካውታችን ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ነበሩ። ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉ፣ በላስቲክ ጠቀለሉና ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ሌላ ላስቲክ ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የጠመንጃቸውን አፈሙዝ ወደ ታች አዙረው፣ ቀስ ብለው መንገዱን ያዙት። ላስቲኩ ከፊት ክፍት ነው፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። አዘንኩላቸው።

ዳገቱን ጨርሰን ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ ስንወጣ ጉሙ ሁለት እርምጃ ፊት ያለውን ሰው አያሳይም። ቆምን። መቆማችን ነው ጉዱን ያመጣው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጀርባዬ ላይ በረዶ የተለጠፈ መሰለኝ፣ ጥርሴም ይንገጫገጭ ጀመር። እጄን ካፖርቱ ውስጥ ባስገባ የጥጥ ካናቴራዬ ተጨምቆ የሚፈስ ሆኗል። የሸጠልኝን ሰው በልቤ ረገምኩ፤ ስፌቱ አፈሰሰ ብዬ። ካምፑ ደርሰን ካፖርቱን ገልብጬ የሚያፈስበትን ቦታ ፈለግኩ። ስፌቱ ደህና ነው። የውስጡ ፕላስቲክ ግን ከአንገት እስከ ወገብ በጠብታ ተሸፍኗል፣ ልክ ድስት ክዳን ላይ እንደሚንጠለጠለው። አንዷን በጣቴ አንስቼ ቀመስኳት። ጨው ናት።

ሰማይ ጨው አያዘንብም። ዳገቱን ሙሉ በራሴ ላብ ስቀቀል ኖሬያለሁ። የጫማዬን ክር ለመፍታት ጣቶቼ እምቢ ሲሉኝ ጓደኛዬ ፈታልኝ። ስካውቱ ላስቲኩን ከፍተው ያን ደረቅ ጋቢ አወጡና «ያን የረጠበ አውልቀህ ይሄን ልበስ፣ ልጄ» አሉኝ። በ3,600 ሜትር ከፍታ፣ በዝናብና በጉም ውስጥ፣ ሰው በቅዝቃዜ የሚሞተው የግድ በረዶ ሲጥል ብቻ እንዳልሆነ ያን ማታ ገባኝ። እርጥብ ጥጥና ነፋስ ይበቃሉ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ። ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ላብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያወጣል። የዝናብ ልብስ ሥራው ውሃ መከልከል ብቻ ቢሆን ላስቲክ ይበቃን ነበር። ችግሩ ያንን ላብ ማስወጣቱ ነው። መልሱ የተገኘው በፈረንጆች 1969 በአሜሪካ ደላዌር ነው። ቦብ ጎር የተባለ ሰው የማያጣብቅ መጥበሻ የሚለበጥበትን ቴፍሎን በሙቀት አለስልሶ ቀስ እያለ ሊለጥጠው ሲሞክር እየተበጠሰ ቢያስቸግረው፣ በንዴት ባንዴ መዥረጥ አድርጎ ሳበው። አልተበጠሰም፤ ተለጠጠ። እንዲህ የተለጠጠው ቴፍሎን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። የቀዳዳው ስፋት ከዝናብ ጠብታ ብዙ ሺህ ጊዜ ያንሳል፣ ከእንፋሎት ቅንጣት ግን ይበልጣል። ጠብታው አይገባም፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ጎርቴክስ የሚባለው ይህ ነው። ከእሱ ወዲህ ሌሎችም ብዙ ዓይነት ስስ ሽፋኖች መጥተዋል።

ይህን ሳነብ ጌሳ ትዝ አለኝ። ጎጃም በልጅነቴ ክረምት ላይ እረኞች ሲለብሱት ያየሁት፣ ከሣር የተጎነጎነው። ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ ከሥሩ ያለው ሰው በላብ አይቀቀልም። ስካውቱም ላስቲካቸውን የለበሱት እንደዚያው ነው። እኔ ያዘንኩላቸው በማያሳዝን ነገር ነበር።

አዲስ ጃኬት ከውጭ ለማስመጣት አቅሙ አልነበረኝም። በ2003 መጨረሻ ሁለት ቅዳሜ መርካቶ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥበትን ሰፈር ዞርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ስሙ የገነነ ጃኬት ነበር፤ ሻጩ «ኦርጅናል ነው ወንድሜ» እያለ አወዛወዘልኝ። ውስጡን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው ነጭ ቅርፊት ረገፈ፣ ከትከሻው ላይም ይጣበቃል። ሽፋኑ አርጅቶ ከጨርቁ ተላቋል ማለት ነው፤ ይህ ከሆነ መዳኛ የለውም። ሰልባጅ የዝናብ ልብስ የሚገዛ ሰው ከስሙ በፊት ውስጡን ይመልከት። ሌሎቹን ገልብጬ ስፌታቸው ላይ የተለጠፈው ቴፕ እንዳልተነሳ አየሁ። ከአንዱ ጎን ላይ የተሰፋ ጨርቅ 10,000 ሚሊ ሜትር ይላል። ጨርቁ ላይ ውሃ በቱቦ እስከዚያ ከፍታ ቢቆምበት ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ አላማለለኝም። እኔ የምፈልገው ብብት ስር ያለ ዚፕ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ግራጫ ጃኬት ላይ አገኘሁት። ከብብት እስከ ጎድን ስንዝር ተኩል የሚከፈት፤ ኮፍያውም ግንባር ላይ ጠንካራ ከንፈር አለው። «ውሃ ላፍስስበት?» ስለው ሻጩ «አፍስስ! ካልገዛኸው ግን አድርቀህ ነው የምትሄደው» አለኝ። ከሃይላንዴ ትከሻው ላይ ሳንጠባጥብ ውሃው እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ወረደ። አጠገቡ ቡና በሚዛን የሚሸጡ እናት ነበሩ። «እናቴ፣ ይቺን ይመዝኑልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። 340 ግራም። ቤት ያለው ካፖርት ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። 350 ብር ከፈልኩ።

መስከረም 2004 አደይ አበባ ሲፈነዳ ተመለስን። ደባርቅ ላይ እኒያኑ ስካውት በስም ጠይቀን አገኘናቸው። አሁን በውስጥ ጥጥ ሳይሆን ቀጭን የሱፍ ሹራብ ነው የለበስኩት። መንዞች በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠሩት በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ስንወጣ መጀመሪያ ላይ ብርድ ብርድ እያለኝ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰውነቴ ራሱ ይሞቃልና። አራት ሺህ ሜትር እንዳለፍን ዶፍ መጣ፣ ከዚያም በረዶ። ሁለቱንም የብብት ዚፖች ከፈትኩ። እርምጃዬን ዝግ አደረግኩ። ቀዝቃዛው አየር ከጎድኔ ገብቶ በአንገቴ ሲወጣ ይሰማኛል።

እውነቱን ለመናገር ፍጹም ደረቅ አልቀረሁም። የሻንጣው ማንገቻ የሚጫነው ትከሻዬ ላይ የጨርቁ ፊት ውሃ ጠጥቶ ጠቆረ፤ እዚያ ቦታ እንፋሎት መውጫ ስለሚያጣ ከውስጥ አላበኝ። «ይተነፍሳል» የተባለ ልብስ ሁሉ ውጪው ከራሰ ይታፈናል። አየሩ ራሱ በጉም በጠገበበት ቀን ደግሞ እንፋሎቱ ወዴት ይሂድ? እንደ ላስቲክ ከማፈን ይሻላል እንጂ ተአምር የለውም። ላቤን በዋናነት ያወጣልኝ ስሱ ሽፋን ሳይሆን ዚፑ ነው። ቧሂት ጫፍ፣ 4,430 ሜትር ላይ ስንቆም ግን አልተንቀጠቀጥኩም። ጣቶቼ ይታዘዙኛል። ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ዳቦ ቆረስኩ።

ማታ ጨነቅ ላይ እሳት ዳር ስካውቱ ጃኬቱን በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት። «ይህች ናት ያን ሁሉ በረዶ የቻለችው?» ለበሱት። እጃቸው ብብታቸው ሥር ያለውን ዚፕ አገኘ፤ ሳቡት፣ መዳፋቸውን በቀዳዳው አሳልፈው አወጡና ሳቁ። «ኧረ ይቺስ መስኮት አላት!»

ሌሊቱን ዝናብ ስለነበር ለጥበቃ ለብሰዋት አደሩ። ጠዋት አጣጥፈው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው መለሱልኝ። ጭስ ጭስ ትሸታለች። ጭስና ላብ ውሃውን እንደ ዶቃ የሚያንሸራትተውን ቅብ ስለሚያደክሙት አዲስ አበባ እንደገባሁ በስሱ ሳሙና አጥቤ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ በለዘበ ካውያ ተኮስኳት። ውሃው ተመልሶ መድበልበል ጀመረ። የጨነቅ ጭስ ግን ኮፍያዋ ውስጥ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ይሸተኝ ነበር።