ሺህ ጊዜ የሚጻፍበት

ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ሲዲ አለ። ለብዙ ዓመታት ፊቱ ላይ አንዳች ጽሑፍ አልነበረውም። ጀርባውን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት እንደ ሌሎቹ ሲዲዎች አያብለጨልጭም፤ ጠቆርና ደብዘዝ ብሎ ዝናብ ያዘለ ሰማይ ይመስላል። የማወጋችሁ ብርቅ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእናቴ የደበቅሁት ነገር በውስጡ ስላለ ነው። «አለ» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሴት ነው። አጎቴ በ1985 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት ቴፕ ሪከርደሩን ይዞ ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለው የአያቴ ቤት ሄደ። «እምዬ» እንላቸው ነበር። ጥጥ እየፈተሉ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ሞቱባቸው ልጆች ሲያወጉት ስልሳ ደቂቃ በሚይዝ ካሴት ላይ ቀዳቸው። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ በሙሉ ወጋቸው ነው። በሁለተኛው ገጽ ወጉ ይቀጥልና ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መንገደኛ ልጃቸውን ይመርቃሉ። ከምርቃቱ በስተጀርባ እንዝርቱ ሲሾር ይሰማል።

አጎቴ ካሴቱን በጉዞ እንዳይጎዳበት ፈርቶ ለእናቴ አደራ ሰጣት። ከመስጠቱ በፊት ግን ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላዋ ጫፍ ሰበራቸው። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት በላዩ አይቀዳበትም፤ የቴፑ የመቅጃ ቁልፍ አልጫን ይላል። እምዬ በ1993 ዓ.ም. ዐረፉ። አጎቴ ለቀብራቸው መድረስ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በስልክ በተገናኘን ቁጥር ከእኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የካሴቱን ግልባጭ።

ቤታችን ያገለገለ ኮምፒውተር የገባው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ሃርድ ዲስኩ ዐሥር ጊጋባይት ብቻ ይይዛል፤ አንዱን ነገር ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ነበር። በዚያ ላይ ሲዲ የሚጽፍ መሣሪያ ተገጠመለት፤ እኔም የሰፈሩ ሲዲ ቀጂ ሆንኩ። መቅዳቱን «በርን ማድረግ» እንለው ነበር፤ ማቃጠል ማለት ነው። የምንጠቀምበት ፕሮግራም ስሙ ኔሮ ሲሆን፣ ምልክቱም በእሳት የተያያዘው የሮም ኮሎሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ64 ሮም ስትቃጠል በነገሠው ቄሣር ስም የተቀለደ ቀልድ መሆኑ ነው። ኮሎሲየም የተሠራው ግን ቄሣሩ ከሞተ በኋላ ነው። ኔሮ ያላየውን ሕንጻ ሊያቃጥል አይችልም። እኔ ግን ያቃጠልኩትን አይቼዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁም።

ባዶ ሲዲ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ነው፤ የጻፉትን ጻፉ፣ ያበላሹትን አበላሹ። በመካከል መብራት ከጠፋ ሲዲው ከቡና ሲኒ ማስቀመጫነት ያለፈ ጥቅም አይኖረውም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ደጋግሞ የሚጻፍበት ነው። ሺህ ጊዜ ያህል ይጻፍበታል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፍበታል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ቤት ውስጥ ይህ እንደ ምሕረት የሚቆጠር ነበር። ሁለት ገዛሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስም አልጻፍኩባቸውም። ዛሬ የሚይዙትን ነገ ስለማይዙ ስም ምን ያደርግላቸዋል?

የአሠራሩን ምሥጢር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በዚያ ደብዛዛ ጀርባ ሥር ከብር፣ ከኢንዲየም፣ ከአንቲመኒና ከቴሉሪየም የተቀየጠ ስስ ሽፋን አለ። ሲዲው ባዶ ሲሆን የሽፋኑ ቅንጣቶች እንደ ተሰለፈ ሠራዊት ሥርዓት ይዘው የተደረደሩ ናቸው፤ ብርሃንም ይመልሳሉ። መሣሪያው ሊጽፍ ሲል የሌዘሩን ጨረር አጠንክሮ ነጥቧን ከ500 እስከ 700 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ያቀልጣታል። የቀለጠችው ነጥብ በቅጽበት ስለምትቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ወደ ሰልፋቸው ለመመለስ ጊዜ አያገኙም፤ እንደተዘበራረቁ ይደርቃሉ፣ ይጠቁራሉ። ሊሰርዝ ሲል ደግሞ በለዘብተኛ ጨረር ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ያሞቃታል፤ በዚያን ጊዜ ቅንጣቶቹ ተረጋግተው ይሰለፋሉ። እንግዲህ መጻፍ ማለት ሥርዓትን ማፍረስ ነው፤ መሰረዝ ደግሞ ሥርዓትን መመለስ። ንጹሕና የተስተካከለ የምንለው ምንም የማያስታውሰው ነው።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ሽቦ ዘርግቼ የእምዬን ካሴት አስገባሁ። ድምፅ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ስልሳ ደቂቃ ለማስገባት ስልሳ ደቂቃ መቀመጥ ያሻል። እናቴ መቀነቷን እያፍተለተለች አጠገቤ ተቀመጠች። አልተነጋገርንም። እያንዳንዱ ደቂቃ ዐሥር ሜጋባይት ያህል ሆኖ ተጠራቀመ፤ በመጨረሻ ስድስት መቶ ሜጋባይት ደረሰ። የእምዬ ዕድሜ ልክ ወግ ከአንድ ሲዲ አልተረፈም።

ለአጎቴ የሚላከው አንድ ጊዜ በሚጻፍበት፣ በማይሰረዘው ሲዲ ላይ ሊሆን ይገባ ነበር። በዚያ ምሽት ግን እጄ ላይ አልነበረም። ሃርድ ዲስኩም ሞልቷል። ስለዚህ «ለጊዜው» ብዬ ከሁለቱ ሲዲዎች በአንደኛው ላይ ጻፍኩት። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያም ቦታ ለማስለቀቅ ከሃርድ ዲስኩ ላይ አጠፋሁት። ለጊዜው! በዚህች ቃል ስንቱን ነገር ስም ሳንጽፍበት አስቀመጥነው።

በሐምሌ ወር ጓደኛዬ ለምረቃ ድግሱ ዘፈን እንድቀዳለት መጣ። ሁለት መቶ ሜጋባይት ያህል ሙዚቃ ነው። አንዱን ሲዲ አስገባሁ። ያስገባሁት የትምህርት ቤት ጽሑፎቼን የማኖርበት፣ እንደ ፍሎፒ እንዲያገለግል ፎርማት ያደረግሁት ሲዲ መስሎኝ ነበር። ያ ፎርማት ረጅም ሰዓት ከመፍጀቱም በላይ ከመቶ ሜጋባይት የሚበልጥ ቦታ ስለሚበላ ከተውኩት ሰንብቻለሁ። ፕሮግራሙ ሲዲው ባዶ አለመሆኑን ነገረኝ፤ ይጥፋ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ሁለት አማራጭ ሰጠኝ፤ ፈጣኑንና ሙሉውን። ሙሉው ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጓደኛዬ ቆሞ ይጠብቃል። ፈጣኑን መረጥኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ዘፈኑን ጻፍንበት፤ ድግሱ ላይ ተጨፈረበት።

ሲዲ እንደ ካሴት የሚሰበር ጥርስ የለውም። አጎቴ በቢላዋ የሠራት ያች ትንሽ ጥንቃቄ በአዲሱ ዕቃ ላይ ቦታ አልነበራትም።

በ1999 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት አጎቴ ደወለ። «ያ ነገር ምን ደረሰ?» አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ሲዲዎቹን አወጣሁ። ከአንዱ የትምህርት ቤት ጽሑፌ ወጣ፤ ከሌላው ዘፈን። ደጋግሜ አስገባሁ፣ ደጋግሜ አወጣሁ። የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ከዚያ ካሴቱ ትዝ አለኝና ነፍሴ መለስ አለች። ወደ እናቴ ሄጄ «ካሴቱን ስጪኝ እስቲ» አልኳት። ፊቷን ሳታዞር «ለሰው አውሼዋለሁ፤ ሲመለስ እሰጥሃለሁ» አለችኝ። ካሴቱ አልተመለሰም። እኔም ደጋግሜ ብጠይቅ «ሲዲው የት ሄዶ?» እንዳትለኝ ስለፈራሁ ዝም አልኩ። ለአጎቴም «እልክልሃለሁ» አልኩት። እርሱም ጨዋ ነውና በየዓመቱ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ እያደረገ ሄደ፤ በኋላም መጠየቁን ተወው።

ሲዲውን ይዤ ኮምፒውተር ወደሚጠግን አንድ ልጅ ዘንድ ሄጄ ነበር። የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ፈጣኑ ማጥፋት የሚሰርዘው ማውጫውን ብቻ ነው። በሲዲው መሐል ጠርዝ ላይ ምን የት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር አለ፤ እርሱ ከጠፋ መሣሪያው ሲዲውን «ባዶ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። መጽሐፉ ግን አልተቃጠለም። ሲዲ ደግሞ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ነው። ሁለት መቶ ሜጋባይቱ ዘፈን የሸፈነው ከመሐል ጀምሮ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ ያህሉን ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነካውም። መሣሪያው ግን አዲሱ ጽሑፍ የሚያልቅበት ምልክት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወዲያ እለፍ ቢሉት አያልፍም። ልጁ በሌላ መሣሪያና በልዩ ፕሮግራም ሞከረልኝ፤ እምቢ አለ።

እቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። የጠፋው አብዛኛው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ሙሉውን አለ። ምርቃቱ ከሁሉ መጨረሻ ስለነበር ከሁሉ ዳር ላይ ነው። እንዝርቱም እየሾረ ነው። የሚያነብ ግን የለም።

አባቶቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ ቢሳሳቱ ቃሉን በስለት ይፍቁት ነበር። የተፋቀው ቦታ ግን ሻክሮና ሳስቶ ይቀራል፤ ጣት ሲዳብሰው እዚህ ላይ ሌላ ቃል ነበር ብሎ ይመሰክራል። መፋቅ አድካሚ ስለሆነ ጸሐፊው ሳይጽፍ በፊት ያስባል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም ይነበባሉ። ሺህ ዓመት የሚኖረውን የሠሩ እጆች በጥንቃቄ ሠሩት፤ ሺህ ጊዜ የሚጻፍበትን የያዙ የእኔ እጆች ግን ምንም አልፈሩም። ሺህ ጊዜ ይቅርታ የተሰጠው ሰው አንዷን ጥፋት ከየት ለይቶ ይጠንቀቃት?

በ2013 ዓ.ም. ቤት ልንለቅ ዕቃ ስንሸክፍ ከእናቴ ሣጥን ሥር ካሴቱ ወጣ። በመጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነበር። አጎቴ ጥርሶቹን ከሰበረባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ተወትፏል። ቀዳዳው ከተደፈነ ካሴቱ እንደገና እንደሚቀዳበት በዚያ ዘመን ያላወቀ አልነበረም። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«መዝሙር ቀዳሁበት» አለችኝ። «ሁለቱንም ገጽ። ኮምፒውተሩ ይዞልናል ብዬ ነው። አንተ ሲዲውን ለአጎትህ ስትልክለት እነግርሃለሁ እያልኩ ጠበቅሁ። አልላክህም። ለምን አልላክም ብዬ እንዳልጠይቅህ ደግሞ ካሴቱን ትጠይቀኛለህ።»

ካሴት እንደ ሲዲ አይደለም። አዲሱ ድምፅ ከመግባቱ በፊት የቴፑ ራስ አሮጌውን ጠርጎ ያስወጣዋል፤ ዳር ላይ የሚቀር ነገር የለም። ይህን አልነገርኳት። መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጬ የእኔን ነገርኳት፤ ሁለቱን ሲዲዎች፣ ድግሱን፣ አንዷን ደቂቃ። እኔ ካሴቱ አለ ብዬ፣ እርሷ ሲዲው አለ ብላ፣ ሁለታችንም በሌላው አደራ ተማምነን የራሳችንን አደራ በልተናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንዳችን ሌላውን ስንሸሽ ኖረናል። እናቴ ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ሳቀች፤ «እምዬ ቢኖሩ ሁለታችንንም በአንድ አርጩሜ ነበር» አለች።

ማታ ለአጎቴ ደወልን። እናቴ የእርሷን ነገረችው፤ እኔ የእኔን። ዝም ብሎ አዳመጠ። ዝምታው ስለረዘመ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ዳር ላይ አለ ነው ያልከኝ?» አለ።

«አለ ጋሼ። የሚያነበው ነው የጠፋው።»

«ምርቃቱ?»

«ምርቃቱም አለ።»

እንደገና ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው አትንካው» አለኝ።

ዛሬ ባለኝ ኮምፒውተር ላይ ሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለም። ሲዲው ከመሳቢያው ውስጥ ነው፤ ሺህ ጊዜ ከሚጻፍበት የተጠቀምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ማታ ስልኩን ከዘጋን በኋላ የማይለቅ ቀለም ያለው ብዕር ፈልጌ አገኘሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። በፊቱ ላይ የእምዬን ሙሉ ስም ጻፍኩ፤ ከስሙም በታች «አይጻፍበት» አልኩ።