የጭዱ ቦታ

የካቲት 17 ቀን 2011፣ ወረታ

እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ከላክንላት 30 እንቁላል 11ዱ ተሰብሯል። የቀረውም በአስኳል ተለውሶ ስለደረሰ አንድ በአንድ እያጠበች ነው የለየችው። «አይዞህ፣ ቅበላው ሳያልፍ እንጨርሰዋለን» ብላ ሳቀችብኝ።

ያሰርኩት እኔ ነኝ። እማዬ በቅርጫት፣ በጭድ አድርጋ ልትልከው ነበር። «ተይ እማዬ፣ ካርቶን ይሻላል» አልኩና ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ አመጣሁ፤ እንቁላሉን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ደረደርኩት። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር፣ ጎጃም፣ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ።

ወሬውን ስነግራት እማዬ አልተቆጣችም። «ጋዜጣ ለማንበብ ነው፤ ለመደላድል ጭድ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የካቲት 20

መደላድል የሚለው ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ሬዲዮው «ምቹ መደላድል ተፈጥሯል» ሲል ስሰማ ኖሬ፣ ቃሉ የሚዳሰስ ነገር ስም መሆኑን ረስቼዋለሁ። ለእማዬ መደላድል ማለት ከአህያው ጀርባና ከጭነቱ መካከል የሚገባው ነው። አባቷ ከደብረ ታቦር ወረታ እህል ያመላልስ ነበር። መደላድሉ የሳሳ ቀን አህያው ይገጠባል፤ ገጣባ አህያ ደግሞ እስኪድን ድረስ ቀለብተኛ እንጂ ሠራተኛ አይደለም።

ማታ ቤታችንን በዚህ ዓይን ቃኘሁት። እንስራው ማቶት ላይ ተቀምጧል፤ ክብ ቂጡ ከጠንካራው መሬት ጋር እንዳይጋጭ። አገልግሉ ከውስጥ ስፌት፣ ከውጭ ቆዳ ነው፤ ስፌቱ ይለጠጣል፣ ቆዳው ይይዛል። የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ደግሞ ማኅደር አላቸው። የብራናው መጽሐፍ በቆዳው ማኅደር ውስጥ ይገባና በጠፍሩ ከግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን አይጫንም፤ የወለሉ እርጥበትም አይደርስበትም። በጣና ገዳማት ስንቱ ብራና በዚህ ዘዴ ዘመን ተሻግሯል። እኔ ግን 30 እንቁላል እስከ አዲስ አበባ ማሻገር አቃተኝ።

የካቲት 30

ዛሬ ቁሃር ሚካኤል ወንድሜ ጋ ዋልኩ። አያ እያልኩ ነው የምጠራው፤ እሱ ደግሞ «መምህሩ» ይለኛል፣ ግማሹን ለማክበር፣ ግማሹን ለመቀለድ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ማሳውን በመስኖ ለቲማቲምና ለሽንኩርት አውሎታል። አይሱዙው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ የቀን ሠራተኞች ይለቅማሉ።

ሳጥኑ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ጠርዙ አልተላገም፤ አንዳንዱ ምስማር ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ቲማቲሙን እስከ አፉ ሞሉት፤ ከዚያ አልፈው ቆለሉት። አንዱ ልጅ መክደኛውን ጣውላ ጫነበትና በጉልበቱ ተደግፎ ምስማሩን መታ። ከማዕዘኑ ቀይ ውሃ ጠብ አለ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ጉዳቱ እዚህ አይታይም፤ ከሁለት ቀን በኋላ በገዢው እጅ ነው የሚታየው። የታችኞቹን ከላይ ያለው ክብደት ያደቃቸዋል። የላይኞቹ ደግሞ መኪናው ሲንገጫገጭ እየዘለሉ ከጣውላው ጋር ይጋጫሉ። አንዱ ሲፈርጥ ሻጋታው ለጎረቤቱ ይተርፋል።

«አያ፣ ከሥሩና ከዳር ዳሩ ጭድ ብታደርጉበትስ?»

ሳቀ። «መምህሩ፣ ጭዱን ለማን ልሽጠው?»

ነገሩ የገባኝ ማታ በባጃጅ ስመለስ ነው። ነጋዴው የሚከፍለው በሳጥን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ መያዣ ብቻ አይደለም፤ እንደ ቁና ስፍርም ነው። ስፍር ደግሞ ሲቆለል ነው ሰፋሪው ቸር የሚባለው። አንድ እፍኝ ጭድ ከገባ አንድ እፍኝ ቲማቲም ይወጣል። እንቁላል ግን በቁጥር ይሸጣል፤ በመካከሉ የፈለጉትን ያህል ክፍተት ቢተዉለት ከቁጥሩ የሚያጎድል የለም። የሚቆጠር ዕቃ ቦታ ያገኛል፤ የሚሰፈር ዕቃ ይታጨቃል።

መጋቢት 9

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ግጭት ሳስተምር ሰባት እንቁላል ይዤ ገባሁ። ጾም ስለሆነ ረክሷል። እማዬ በር ላይ አይታኝ «እንዲያው ለመስበር ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?» አለች።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይህን ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ 1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል የራሱን ክብደት 100 እጥፍ ያህላል። ያው ዕቃ 5 ሴንቲ ሜትር እየሰመጠ እንዲቆም ብናደርገው 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጭድ ምቱን አያጠፋውም፤ ያዘገየዋል። ለመቆሚያ ጊዜና መንገድ ይሰጠዋል።

ሲሚንቶው ላይ የጣልነው ወዲያው ፈሰሰ። አምስት ሴንቲ ሜትር ጭድ ላይ የጣልነው ተረፈ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ያንኑ እንቁላል በዚያው ጭድ ላይ ደጋግመን ስንጥለው በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ጭዱን ዳሰስነው፤ ታምቆ ጠፍጥፏል፣ የሚሰጠው መንገድ አልቋል። የሳሙና ካርቶኔ ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። እኔ እጅ ሲገባ የመጀመሪያ ጉልበቱን ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ካርቶን በምላጭ ቆርጠን ጎኑን አየን። በሁለት ጠፍጣፋ ወረቀቶች መካከል አንድ ወረቀት እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ እንደ አላታ ድልድይ ቅስት፣ ቅስት በቅስት ላይ ተደግፎ። ማሽኑ መካከለኛውን ወረቀት በእንፋሎት ያለሰልስና ጥርስ ባላቸው ሁለት የጋሉ ብረቶች መካከል ያሳልፈዋል፤ የማዕበሉን ጫፎች በስታርች ሙጫ ይቀባል፤ ከጠፍጣፋው ጋር ያጣብቃል። ይህ ጥምዝ ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ሲወጣለት ለዕቃ ማሸጊያ አልነበረም፤ ረጅም ባርኔጣን ከውስጥ ለመደገፍ ነበር። በ1871 ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት ጆንስ የሚባል ሰው ለጠርሙስና ለፋኖስ ብርጭቆ መጠቅለያ አደረገው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የእኛ ቤት ፋኖስ ብርጭቆ ሲመጣም እንዲህ ባለ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው» አለኝ።

መጋቢት 14

የሩዝ መፈልፈያው ጓሮ የገለባ ተራራ አለ። ፎገራ ላይ ሩዝ ብዙ ዕድሜ የለውም። በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ አካባቢ ካስለመዱት ወዲህ ነው ሜዳውን የወረሰው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ከዚያው ነው የያዘው። ዛሬ ከተማው የወፍጮው ድምፅ አይለየውም። ካልተፈለፈለው ሩዝ ክብደት አምስት አንዱ ያህል ገለባ ሆኖ ይወጣል፤ ከአንድ ኩንታል 20 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጡብ ተኳሹ ይወስዳል፤ ዶሮ አርቢው ለጉዝጓዝ ይወስዳል፤ የቀረው ይቃጠላል።

አንድ ከረጢት ሞልቼ ወሰድኩ። ካርቶን ውስጥ ነስንሼ አራት እንቁላል ቀበርኩና ግማሽ ሰዓት በባጃጅ ኮረኮንች ላይ አዞርኩት። ስከፍተው እንቁላሎቹ ሁሉ ታች ወርደው ተገናኝተዋል። ገለባው እንደ አሸዋ ይፈስሳል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ እሱ ይረጋል፣ ከባዱ ነገር ይሰምጣል። ታዲያ በትንንሽ ከረጢት ሰፍተው ቢያስሩት፣ እንደ ትራስ፣ አይፈስም። ጭዱ ግን ያለ ከረጢትም እርስ በርሱ ተጠላልፎ ባለበት ይቆያል።

ጭዱ ግን የተጣለ ነገር አይደለም፤ ባለቤት አለው፣ ላሚቱ። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት የግጦሹ ሣር ውሃ ስር ይሆናል፤ የፎገራ ከብት የሚያከርመው ክምሩ ነው። ለካ አያ የሚሟገተው ከነጋዴው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከበረቱም ጋር ነው።

መጋቢት 28

ባሕር ዳር፣ 55 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ እንቁላል አከፋፋይ ጋ ቆምኩ። ግራጫ ትሪዎች፣ አምስት በስድስት፣ ሠላሳ ጉድጓድ። እንቁላሉ ወፍራም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ የአየር ኪሱ በዚያ በኩል ነው። ትሪው ላይ ትሪ ሲደረብ ክብደቱን የሚሸከሙት የወረቀቱ ሾጣጣ ምሶሶዎች ናቸው፤ እንቁላሉ ሸክም የለበትም።

አሠራሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። አሮጌ ወረቀት በውሃ ይዘፈዘፋል፣ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን ይበጠበጣል። የወንፊት ልብስ ያለው ቅርጽ ይነከርበታል፤ ከኋላ አየር የሚስብ ማሽን ውሃውን ሲመጥጠው ክሩ ወንፊቱ ላይ ይጋገራል። ይላቀቅና በፀሐይ ወይም በምድጃ ይደርቃል። ሙጫ የለውም፤ የወረቀቱ ክሮች ሲደርቁ ራሳቸው ይያያዛሉ።

ቤት ስመለስ የተማሪዎቼን ያረጁ ደብተሮች ዘፈዘፍኩ። ቅርጹን በጭቃ አበጀሁ፣ የአሮጌ ወንፊት ሽቦ አለበስኩት። የሚስብ ማሽን ስለሌለኝ በጨርቅ እየተጫንኩ ውሃውን አወጣሁ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ጠንክሮ፣ ድንቅ ሆኖ ወጣ፤ እንቁላሉ ግን አልገባለትም። ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅርጹን ከልኩ አስፍቼ መሥራት ነበረብኝ። እማዬ አነሳችና አገላብጣ አይታ የቡና ሲኒዎቿን ደረደረችበት። ልካቸው ነበር።

ሚያዝያ 9

አያ ሳይነግረኝ አንድ ሳጥን ሞክሯል። ከሥሩና ከጎኑ ጭድ አድርጎ፣ ሳይቆልል፣ ለነጋዴው ሰጠው። ነጋዴው መክደኛውን ገልጦ አየና ሂሳቡን ቀነሰ፤ «እኔ ጭድ በቲማቲም ዋጋ አልገዛም» ብሎ። በኪሎ ቢመዘን ጭዱ ማንንም አይጎዳም ነበር። ግን ማሳው ዳር ሚዛን የለም፤ ያለው ሳጥን ነው።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ተቀምጬ ይህን እያሰብኩ፣ ከዕቃው ጋር የመጣችውን ባለ አረፋ ፕላስቲክ በጣቴ አፈነዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን ኒው ጀርሲ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ መጋረጃዎችን ሲያጣብቁ አየር መካከል ላይ ታገተ። የግድግዳ ወረቀት ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ የሚገዛቸው አጡ። ዕቃው ቦታውን ያገኘው አይቢኤም 1401 የተባለውን ኮምፒዩተሩን ሲጠቀልልበት ነው። ማሽኑ የቀለጠውን ፕላስቲክ ቀዳዳ ባለው ከበሮ ላይ ያነጥፈዋል፤ ከውስጥ አየር ሲሳብ ፕላስቲኩ በቀዳዳው ይሰረጉዳል፤ ሁለተኛ ሽፋን በላዩ ይታተማል። በኋላ የመጡት ማሽኖች ደግሞ ጠፍጣፋውን ጥቅል ዕቃው የሚታሸግበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ይነፉታል፤ መኪና አየር ጭኖ እንዳይሄድ።

አያ ጭዱን የሚገዛው አጣ። እነዚያ ነፋሱን ራሱን ሸጡ። ልዩነቱ የኮምፒዩተሩ ባለቤት የስብራቱን ዋጋ ራሱ የሚከፍል መሆኑ ይመስለኛል። ቲማቲሙ ግን በመንገድ ሦስት እጅ ይቀይራል፤ ስብራቱ የመጨረሻው እጅ ላይ ይገኛል፣ ጭዱ ደግሞ ከመጀመሪያው እጅ ይጠየቃል።

ሚያዝያ 16

ፋሲካ ደረሰ። የእህቴ እንቁላል ነገ አዲስ አበባ መግባት አለበት፤ ዶሮው ያለ እንቁላል አይሠራም።

በአንድ መጽሐፍ ላይ የጃፓን ገበሬዎች ያማጋታ በተባለው አገር እንቁላል የሚያስሩበትን ሥዕል አይቼ ነበር። አምስት እንቁላል በረድፍ፣ በሩዝ አገዳ ታቅፎ፣ በእያንዳንዱ መካከል ይታሰራል። የሩዝ አገር ሰው ነው፤ አገዳው እኛም ደጅ አለ። ለእማዬ በእጄ አሳየኋት። ከክምሩ ረጃጅሙን መርጣ፣ ውሃ ረጭታ አለሰለሰችውና እኔ ከማስረዳው ቀድማ አሰረችው፤ ስፌት ለለመደ እጅ ቋጠሮ ምኑ ነው። አምስቱን ረድፍ ቅርጫት ውስጥ አጋደምን፣ 25 እንቁላል። ከሥር፣ ከጎን፣ ከላይ የጤፍ ጭድ።

ቅርጫቱ ጥግ ላይ ስፍራ የተረፈ መሰለኝ። ጭዱን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አምስት እንቁላል አስገባሁ፤ 30 ሙሉ እንዲሆን፣ ያለፈውንም እንዲክስ። እማዬ ወገቧን ይዛ ታየኝ ነበር። መጣችና አንድ በአንድ አወጣቻቸው። «ይሄ ቦታ ሰው አለበት» አለች፣ ጭዱን ወደ ጥጉ እየመለሰች።

ቁሃር ላይ በጉልበቱ መክደኛውን ሲጫን ያየሁት ልጅ ትዝ አለኝ። እኔም ሳጥን ሲሰጠኝ ያው ነኝ ማለት ነው።

ሚያዝያ 17፣ ጸሎተ ሐሙስ

ተደወለ። 24ቱ ደኅና ነው፤ አንዱ ተሰንጥቋል፣ አልፈሰሰም። እህቴ የምታወራው ግን ስለ አስተሳሰሩ ነው፤ ልጆቿ አንዱን ረድፍ አንፈታም ብለው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

እማዬ ሁሉን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ቅርጫቴን በማን ትልክልኛለች?»