ሥራ ስለሚጀመርበት ቀን

በአገራችን ለሥራ የታጨ ሰው «መቼ ትጀምራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «እናንተ ባላችሁት ቀን» ወይም «ከነገ ጀምሮ» የሚል ነው። ነገ መምጣት እንደማይችል ልቡ ያውቃል፤ ያለበትን ሥራ ገና አልለቀቀም፤ በእጁ ያለውን ዕቃ አላስረከበም፤ በቤቱም የሚጠብቀው ጉዳይ አለ። ይሁን እንጂ ይህን መናገር ድፍረት፣ ወይም የመጣለትን እንጀራ በእግሩ መግፋት መስሎ ስለሚታየው ዝም ይላል። ከዚያም ቀኑ ሲደርስ ያልታመመው ሲታመም፣ ያልሞተች አያት ስትቀበር እንሰማለን። የሐበሻ ቀጠሮ እያልን የምንስቅበት ነገር ሁሉ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም፤ ብዙው መጀመሪያውኑ የማይቻለውን ቀን እሺ ከማለት የመጣ ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ባደግሁበት ጊዜ ደወል ሲደወል ሮጠን እንሰለፍ ነበር። ይህ ልማድ ጠቅሞኛል፤ 38 ዓመት ሳስተምር የዘገየሁበትን ቀን በጣቶቼ ልቆጥረው እችላለሁ። ነገር ግን ደወሉ የተሰጠንን ሰዓት መጠበቅ አስተማረን እንጂ ሰዓቱን ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግሮ መቁረጥን አላስተማረንም። በኋላ መምህር ስንሆንም ወደ ሥራ የላከን የምደባ ደብዳቤ ነበር፤ ቦታውም ቀኑም ተጽፎበት ይመጣል እንጂ «ይመችሃል ወይ?» ያለን ሰው የለም። የዛሬው ወጣት ግን ከቀጣሪው ፊት ተቀምጦ ስለ ቀን መነጋገር ግድ ሆኖበታል፤ ይህንንም ከአባቶቹ ሊማረው አይችልም፤ አባቶቹ አላዩትምና።

ምክትል ርእሰ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አዲስ መምህራንን የምቀበል እኔ ነበርሁ። በአንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ተቀጠሩ። አንደኛው የሒሳብ መምህር «መስከረም 10 ቀን እገኛለሁ» ብሎ ፈረመ። በዚያ ቀን አልመጣም፤ በማግሥቱም አልመጣም፤ በጥቅምት መባቻ ብቅ አለ። ከ60 የማያንሱ ልጆች ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ሒሳብ ተቀመጡ። ምክንያቱን ብጠይቀው የቀድሞው መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ አልሰጠውም ኖሯል። ይህንን ግን በነሐሴ ሲፈርም ያውቀው ነበር። ሁለተኛይቱ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። እርስዋ ገና በቃለ መጠይቁ ላይ ሳለች «እኅቴ በመስከረም አጋማሽ ትወልዳለች፤ ከእኔ በቀር የሚያርሳት ሰው የለም፤ መስከረም 25 ቀን ልጀምር» አለች። ርእሰ መምህሩ ፊቱን አጠቆረ፤ ሆኖም ክፍሎችዋን ለሌሎች መምህራን አከፋፈልንና ሥራው ቀጠለ። እርስዋም ባለችው ቀን ጧት ከደወሉ በፊት ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱ የመጡበት ቀን የሚለያየው በጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን ተመልከት። የአንዱ ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ባከነባቸው፤ የሌላይቱ ግን አንድ ቀንም አልጎደለባቸው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልግባ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቤቴ መጣች። በአንድ የግል ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት። ሌላ ድርጅት በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥራት ፈልጎ በስልክ «ሰኞ ጀምሪ» ብሏታል፤ እርስዋም እሺ ብላለች። በእጅዋ ያለው ግምጃ ቤት ግን ሳይቆጠር ትታው ልትሄድ አትችልም፤ የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ስለሚዘጋም ቆጠራው ደርሷል። ዋስ የሆኑላት አጎትዋ አሉ፤ አንድ ዕቃ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከዚህም ሌላ እናትዋ የዓይን ሞራ ግርዶሽ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ጠብቀው ያገኙት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ በሰኔ 28 ነው፤ እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸውም እርስዋ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ እሑድ ማታ ታምሜአለሁ ብዬ ብደውልስ?» አለችኝ።

«ማክሰኞስ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኋት። ዝም አለች።

ወረቀትና እርሳስ አቀረብሁላትና ያለባትን ሁሉ አንድ በአንድ እንድትጽፍ አደረግሁ። ሰው የሚፈራው ነገር በወረቀት ላይ ሲወርድ ያንሳል። በመጀመሪያ ሕጉ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ ሲፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ እስራት ያየዋል፤ እኔ ግን ለሠራተኛው የተሰጠ ጋሻ ነው እላለሁ። «ሰኞ ና» የሚል አዲስ አሠሪ ሲመጣ «ሕጉ 30 ቀን ይለኛል» ብሎ መመለስ ይቻላልና፤ አስተዋይ አሠሪም ከሌላው ቤት በሌሊት የወጣ ሰው ከእርሱም ቤት እንዲሁ እንደሚወጣ ያውቃል።

ሁለተኛው የዕረፍት ነገር ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት የአንደኛው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ነገር ግን አዲስ ሠራተኛ ይህን የሚያገኘው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። በዚያ ላይ የሙከራው ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ለሥራው አልተስማማህም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት ተነሥቶ «እናቴን ላሳክም» ቢል የሚሰጠው መልስ ምን ሊሆን ይችላል? የሚያስፈልገውን ጥቂት ቀን ከመግባቱ በፊት የሚለምን ሰው ሰነፍ የሚባል ከሆነ፣ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ የሚቀረውን ምን ልንለው ነው? በበኩሌ ለራስ ዕረፍት ብቻ የሚጠየቅ ቀንም አሳፋሪ ነው አልልም። አራት ዓመት ግምጃ ቤት የቆለፈ ሰው ሌላ ግምጃ ቤት ከመክፈቱ በፊት አንድ ሳምንት እንቅልፍ ቢተኛ ምን ነውር አለው?

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በሁለት ሥራ መካከል ያለ ቀን ደመወዝ የለውምና። ለልጅቱ ያልወሰደችው የ9 የሥራ ቀን ፈቃድ ነበራት። ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ በሌላ ጊዜ የተከለከለ ቢሆንም ሠራተኛው ሲሰናበት ያልወሰደው ይታሰብለታል። ይህም የባዶውን ቀን ወጪ ሸፈነላት። ሁሉ ሰው እንዲህ አይሆንለትም። የቤት ኪራዩ ወር በገባ በአንደኛው ቀን የሚጠየቅ፣ ከአንዱ ደመወዝ ወደ ሌላው ሳያርፍ የሚዘል ብዙ ወንድም አለን፤ እርሱን «ዕረፍት ጠይቅ» እያልሁ የምመክርበት አፍ የለኝም።

ከሁሉ አስቀድማ ግን የቅጥሩን ደብዳቤ በእጅዋ እስክትይዝ ድረስ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገባ ነገርኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን የጣለችውን ሴት እናውቃታለን።

በማግሥቱ ጧት ሄደችና «ትናንት በስልክ እሺ ያልሁት ቀን አይሆንልኝም» ብላ ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላለውም። ወረቀትዋን አውጥታ ማስጠንቀቂያውን፣ ቆጠራውንና የእናትዋን ቀጠሮ ነገረችውና ሐምሌ 15 ቀን ልጀምር አለችው። እርሱም «ሐምሌ 15 አይሆንም። አዲሱ ግምጃ ቤት ሐምሌ 10 ቀን ዕቃ ይረከባል፤ ዕቃው ሲገባ ያላየ ሰው በኋላ በምን ይጠየቅበታል?» አላት። እውነቱን ነው። መነጋገር ማለት የራስን ሐሳብ ማስፈጸም ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይቀየም ነበር፤ እርስዋ ግን የእርሱም ቀን እንደ እርስዋ ቀን ምክንያት እንዳለው አየች። በሐምሌ 8 ተስማሙ። ለእናትዋ የክትትል ምርመራም አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ይህ በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍላት አደረገች። በአፍ የተሰጠ ፈቃድ የሰጠው ሰው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

በደብዳቤ ነገር አንድ ልጨምር። በከተማችን ግማሹ መሥሪያ ቤት በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። ጁላይ 1 የተባለውን ሐምሌ 1 ነው ብሎ ያነበበ ሰው ሰባት ቀን ይዘገያል፤ ጁላይ 1 ሰኔ 24 ነውና። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት» የተባለው የጧቱ 2 ሰዓት ይሁን ወይም ከምሳ በኋላ ያለው ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህን መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም።

ልጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋን ግንቦት 26 ቀን አስገባች። የቀድሞው አለቃዋ ጥቂት ቀን አኮረፈ፤ በኋላ ግን ቀኑ ቀደም ብሎ ስለ ታወቀ የእርስዋን ግምጃ ቤት ከሌሎቹ አስቀድሞ አስቆጠረ። ርክክቡ በሰኔ 25 ተፈረመ፤ አንድ ሳጥን ሚስማር ብቻ በዝቶ ተገኘ። አጎትዋ ከዋስትናው የተሰናበቱበትን ወረቀት ተቀብለው በኪሳቸው ይዘው ሲዞሩ ሰነበቱ አሉ። እናትዋም በቀጠሮአቸው ቀን ታከሙ። ከዚያ እስከ ሐምሌ 7 የዓይን ጠብታቸውን በሰዓቱ የምታደርግላቸው እርስዋ ነበረች፤ በተረፈው ጊዜ ተኛች፤ ምን እንደ ሠራች ስጠይቃት «ዝናቡን ሰማሁ» አለችኝ።

አዲሱን ሥራ ከጀመረች በኋላ ሐኪሙ የምርመራውን ቀን ከረቡዕ ወደ ዓርብ ለወጠው። ዓርብ ደግሞ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ደብዳቤው አንድ ቀን እንደሚል፣ ቀኑ ግን እንደ ተለወጠ ነገረችው። ጥቂት አሰበና ዕቃ ጫኙን መኪና ለከሰዓት በኋላ አዛወረው፤ እርስዋም ግማሽ ቀን ብቻ ወስዳ 8 ሰዓት ላይ ተመለሰች።