ጫጩትና ትልቅ ዓሣ በአንድ ገንዳ፦ ስለ ማደንዘዣ ልክ

በእርባታ ያለን ዓሣ ለመመዘንና ለመለካት ከውኃ ማውጣት ግድ ነው። ዓሣው ሲወጣ ይፈራገጣል፤ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ከበሽታ የሚጠብቀው አሙለጭላጭ ሽፋኑም ይገፈፋል። ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በአንድ የቆሮሶ ማራቢያ የመመረቂያ ጥናቷን ትሠራ የነበረች ተማሪ የመረጠችው የቅርንፉድ ዘይት ነበር። ትራይኬን የተባለው ማደንዘዣ በብዙ አገሮች የተለመደ ቢሆንም ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ በሶዳ መስተካከል አለበት፤ በቀላሉም አልተገኘላትም። ቅርንፉድ ግን ከገበያ አይጠፋም። ዘይቱ በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ አልኮል ጋር ቀላቅላ፣ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ገደማ እንዲሆን ለካች።

በመጀመሪያው ቀን ጊዜ ለመቆጠብ ስትል ጥቂት ግራም የሚመዝኑ ጫጩቶችንና 300 ግራም የሚደርሱ ዓሦችን በአንድ ገንዳ አስገባች። ጫጩቶቹ ቀድመው ተገለበጡ። ትልልቆቹ ገና ይዋኙ ስለነበር ዓይኗን ከእነርሱ አላነሣችም። እነርሱ ሲደነዝዙ የጫጩቶቹ የስንጥብ ክዳን መንቀሳቀሱን አቁሞ ነበር። አየር ወደሚነፋበት ንጹሕ ውኃ ብታዛውራቸውም አብዛኞቹ አልነቁም።

ምክንያቱ ከስንጥብ ይጀምራል። ማደንዘዣው ወደ ደም የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ የስንጥብ ስፋት ደግሞ ከሰውነት ክብደት ጋር እኩል አያድግም። ስለዚህ ጫጩት ለእያንዳንዱ ግራም ክብደቱ ያለው የስንጥብ ስፋት ከትልቁ ይበልጣል፤ የኦክስጅን ፍላጎቱም እንዲሁ። ትልቁ ዓሣ በአንጻሩ ቀስ ብሎ ይደነዝዛል፤ መድኃኒቱ በስቡ ውስጥ ስለሚከማችም ለመንቃት ሊዘገይ ይችላል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ሁሉም ይፈጥናል።

የሞቱትን ጫጩቶች «በአያያዝ ጉዳት» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ጠያቂ አልነበረም። እርሷ ግን ቁጥራቸውን ከነምክንያቱ በመዝገቧ አሰፈረች፤ የቀኑንም ልኬት ከትንተናው አወጣች። ከዚያ ወዲያ ዓሦቹን በመጠን ለይታ፣ በየቡድኑ አስቀድማ በጥቂቶች ላይ ትሞክር ጀመር። እያንዳንዱም ዓሣ ሚዛኑን እንደሳተ፣ ትንፋሹ ሳይቆም ይወጣ ነበር።

በጥናታዊ ጽሑፎች የማደንዘዣው ዓይነትና መጠን ይጠቀሳል፤ የዓሣው ክብደት፣ የውኃው ሙቀትና የቆይታው ጊዜ ግን አንዳንዴ ይዘለላል። እነዚህ ካልተጻፉ 50 ሚሊ ግራም የሚለው ቁጥር ለቀጣዩ ተማሪ መመሪያ አይሆንም። ያው ቁጥር ለአንዱ ዓሣ እንቅልፍ፣ ለሌላው ሞት ነውና።