ከኤቲዮፒያ እስከ ኮፒልኮ

በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛ መስመር ላይ በአገራችን ስም የሚጠራ ጣቢያ አለ፤ በስፓኒሽ አጠራር ኤቲዮፒያ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር ፊደል ያልቆጠረ ሰውም እንዳይቸገር ተብሎ ለየጣቢያው ሥዕል ተሠራለት። ለቻፑልቴፔክ ፌንጣ፣ ለኮዮአካን ኮዮቴ የሚሉት የቀበሮ ዘመድ፣ ለእኛው ደግሞ የአንበሳ ራስ ደረሰው።

ስሙ እንዲሁ አልተሰጠም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ብዙ መንግሥታት ነገሩን አምነው ሲቀበሉ፣ አሻፈረኝ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እዚህ ድረስ መጥተው ጎብኝተዋታል። ይህች ከተማ በኢትዮጵያ ስም፣ አዲስ አበባም በሜክሲኮ ስም አደባባይ ሰየሙ። የዚህኛውን አደባባይ በኋላ የተሠሩት ሰፋፊ መንገዶች ዋጡት፤ ስሙን ግን በ1980 የተከፈተው ጣቢያ ይዞት ቀረ። የታክሲ ረዳቶች “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ሲሉ እየሰማሁ ያደግሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና፣ አንዱ ተሳፋሪ በስልክ “ኤቲዮፒያ ላይ እወርዳለሁ” ሲል በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የተከራየሁት ክፍል ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ናርቫርቴ በሚባል ሰፈር ነው። አከራዬ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። እኔ “ዶኛ” እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው “ሚኻ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ለትምህርት የሚመጣው የውጭ አገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ሮማና ኮንዴሳ ሰፈር ነው። እውነት ለመናገር ሰፈሮቹ ያምራሉ፣ ዛፉም ካፌውም ልብ ይወስዳል። ነገር ግን እዚያ ቡና የሚታዘዘው በእንግሊዝኛ ነው። በዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች በመብዛታቸው ኪራዩ ንሮ ነባሩ ነዋሪ እየለቀቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ይህንኑ ተቃውሞ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቷል። ሰውን ከኖረበት ቤት በሚያስወጣ ኪራይ ተቀምጦ የዚያኑ ሰው ቋንቋ መማር አልተዋጠልኝም።

ናርቫርቴ ውስጥ ቋንቋው ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል። ጠዋት መጀመሪያ የሚሰማው የቆሻሻ መኪና መድረሱን የሚያበስረው የእጅ ደወል ነው። ዶኛ ቆሻሻውን ይዘው ሲወርዱ እኔም እከተላቸዋለሁ፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀ የሚሰማው እዚያ ነውና። ጋዝ ሻጩ ይከተላል፣ ከዚያ ቢላ የሚስለው ሰው በዋሽንቱ፣ ከዚያ ቆራሌው። የዚህ አገር ቆራሌ ፒካፕ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ነው የሚዞረው። የሚጣራውም በራሱ አንደበት አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀረጸ የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ነው፣ በየትኛውም ሰፈር ያው አንድ ድምፅ። ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ማይክሮዌቭ፣ ያረጀ ብረት እያለች በዜማ ትዘረዝራለች። የቤት ዕቃ ስም የያዝኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርሷ ነው። ሲመሽ ደግሞ ስኳር ድንች በማገዶ የሚጠብሰው ሰው ጋሪውን እየገፋ ይመጣል፤ የእንፋሎቱ ፉጨት ሦስት መንገድ አልፎ ይሰማል።

ለትምህርት የምወርድበት ኮፒልኮ ከኤቲዮፒያ ወደ ደቡብ ሰባተኛው ጣቢያ ነው። የመሳፈሪያው ዋጋ 5 ፔሶ። ጠዋት ግፊያው ስለሚከብድ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ ይለያሉ። እዚያ ውስጥ ያየሁት ጥበብ አይረሳኝም፤ ባቡሩ እየተንገጫገጨ ሴቶቹ ኩላቸውን ቀጥ አድርገው ይኳላሉ፣ ሽፋሽፍታቸውን በሻይ ማንኪያ ጠርዝ እየጨመቁ ወደ ላይ ያጥፋሉ። አንዷም እጇ ሲስት አላየሁም።

የምማረው ብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ሰዎች ስፓኒሽ በሚያስተምርበት ማዕከል ነው። ሥራውን የጀመረው በ1921 በክረምት ትምህርት ቤትነት ነው፤ አሁን ሴፔ ይሉታል። ክፍላችን ውስጥ ኮሪያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ብራዚላዊ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ወደዚህ ክፍል ባዶ እጁን እንደማይገባ ቶሎ ተረዳሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ “እኔ” እና “እርሷ” ግሡ ውስጥ መግባታቸው ግራ ሲያጋባቸው፣ እኛ “በላሁ”፣ “በላች” እያልን ያደግን ነን። “አምጣልኝ” ለሚል ሰው ድርጊቱም፣ የሚመጣው ነገርም፣ የሚመጣለት ሰውም “ትራኤሜሎ” ውስጥ አንድ ላይ መታጨቃቸው አያስደነግጠውም። “ፔሮ” ር ሲላላ “ግን”፣ ሲጠብቅ “ውሻ” ነው፤ ማጥበቅና ማላላት ደግሞ የዕለት ሥራችን ነው።

ሁሉም ተማሪ የሚፈራው ሱብኹንቲቮን ነው። ምኞት፣ ጥርጣሬ ወይም ስሜት ሲመጣ ግሡ መልኩን የሚለውጥበት ክፍል ነው፤ ሰንጠረዡን መሸምደድ ይቻላል፣ መቼ እንደሚገባ ማወቁ ነው የሚከብደው። ለእኔ የተፈታልኝ በር ላይ ነው። ዶኛ ስወጣ ሁልጊዜ ግንባሬ ላይ በመስቀል ምልክት ያማትቡና ይመርቁኛል፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ይቅናሽ፣ በሰላም ግቢ። የሚመርቁበት የግሥ መልክ ክፍል ውስጥ ስንታገለው የነበረው ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገሩ ምርቃት ወይም ምኞት ከሸተተኝ ግሡን እለውጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ምርቃት ላይ እኛን ማን ያስተምረናል?

የቀኑ ትልቁ ትምህርት ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ቦታ ነው። ፎንዳ ይሉታል፤ አንድ ቤተሰብ የሚሠራበት፣ ጠረጴዛው በላስቲክ የተሸፈነ ትንሽ ምግብ ቤት። ሜኑ የለም። ባለቤቷ አጠገባችሁ ቆማ የዕለቱን ወጥ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትወርድባችኋለች፤ ዶሮ በአረንጓዴ ሳልሳ፣ የአሳማ ሥጋ በቃሪያ፣ የምስር ሾርባ፣ በእንቁላል የተጠበሰ ጎመን። መጀመሪያ ሾርባ፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ የመረጣችሁት ወጥ ይመጣል። ቶርቲያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይቀርባል፤ በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ስለሚፈጭ ሽታው ከሩቅ ይለያል። መጠጡ ብዙ ጊዜ የሐማይካ ውኃ ነው፣ የእኛው ከርከዴ ቀዝቅዞ። ሒሳቡ ከመቶ ፔሶ እምብዛም አይርቅም።

ወንበር ሲጠፋ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው። በልቶ የሚወጣው ሰው ገና ለሚበላው ሁሉ “ፕሮቬቾ” ብሎ ያልፋል፣ ይስማማችሁ እንደማለት፤ ተመጋቢውም ከአፉ ጉርሻ አውርዶ ያመሰግናል። ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ካለ ሃያውም ይባላል። ሰላም ሳይል የሚገባ የለም፣ ሳይሰናበት የሚወጣም የለም። ለሽማግሌ “ኡስቴድ” እንጂ “ቱ” አይባልም፤ አንተና እርስዎን ለይቶ ላደገ ሰው ይህ የቤቱ ሥርዓት ነው። አንድ ጊዜ ቧንቧ የሚሠራ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጦ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የባቡር ጣቢያውን ስም ከአገር ጋር አያይዞ እንደማያውቅ ነገረኝና እኔ ስለ ጣሊያን ወረራ፣ እርሱ ስለ አባቱ የበቆሎ እርሻ ስናወራ ሩዛችን ቀዘቀዘ። መዝገበ ቃላት ያላወጣሁበት የመጀመሪያው ረጅም ጨዋታ እርሱ ነበር።

ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱም ዝናቡም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው መሬቱ ነው። በ1985፣ በ2017 እና በ2022 የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 19 ነው፤ የ1985ቱ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ዶኛ ጫማቸውን፣ ቁልፋቸውንና መታወቂያቸውን ከበሩ ጎን አስቀምጠው ነው የሚተኙት፤ እኔንም ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ያስያዙኝ ይህንኑ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚባለውንም እንዲሁ፦ አልሮጥም፣ አልጮህም፣ አልገፋም። እዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚማሩት ነው፤ የእኔም የመጀመሪያ ግሦች እነዚህ ሆኑ።

ክፍል ውስጥ ያለፈ ጊዜ ስንማር እያንዳንዳችን የሆነ ታሪክ እንድንናገር ታዘዝን። እኔ የመረጥኩት የማሞ ወልዴን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1968 የኦሊምፒክ ማራቶን ከመሀል ከተማው ከሶካሎ አደባባይ ተነሣ። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እግሩን ታምሞ መንገድ ላይ አቋረጠ። ማሞ ግን ቀጠለ፤ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ጨርሶ ለኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛውን የማራቶን ወርቅ አስገኘ። ሩጫው ያለቀበት ስታዲየም የሚገኘው እኛ ከምንማርበት ግቢ ውስጥ ነው። መምህራችን ይህን ሲሰሙ ክፍሉን ሁሉ አስነሡና በእግር ወሰዱን። ኹዋን ኦጎርማን አራቱንም ግድግዳ በባለ ቀለም ድንጋይ ያስዋበውን ቤተ መጻሕፍት አልፈን፣ ኢንሱርኼንቴስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ተሻግረን፣ የዲየጎ ሪቬራ ቅርጽ ካለበት የስታዲየሙ ግንብ ፊት ቆምን። እዚያ ንግግሬን እንደገና አስደገሙኝ። ተነሣ፣ ሮጠ፣ አቋረጠ፣ ቀጠለ፣ ገባ፣ አሸነፈ። ኮሪያዊቷ ጓደኛዬ ግሦቹን በደብተሯ ጽፋ ያዘቻቸው።

ስፓኒሽ ልማር ብላችሁ ወደዚህ ከተማ የምትመጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ክፍል ስትፈልጉ ኮንዴሳን እለፉት። ናርቫርቴ፣ ፖርታሌስ፣ ኮፒልኮ አካባቢ ቤተሰብ ያለበት ቤት ፈልጉ። ምሳችሁን ፎንዳ ብሉ፣ ስትገቡ ሰላም በሉ፣ ስትወጡ “ፕሮቬቾ”። አከራያችሁ ሲመርቁም “አሜን” ለማለት አትፍሩ፤ ቃሉ እዚህም ያው ነው።